ድንች ለማኅበር ድግስ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
ክቡራን ከዞንና ከወረዳ የመጣችሁ እንግዶች፣
ውድ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣

ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ብድር አመላለስና ስለ ትርፍ ክፍፍል ቀደም ብለው የተናገሩት በሚገባ ስለገለጹት ይህ ንግግር ወደ ማዕድ ቤት ይገባል። ጉዳዩ አንድ ቀላል ምግብ ነው፤ ይኸውም አንዲት የባንጃ ወረዳ ሴት አርሶ አደር ከጓደኛዋ ተምራ ለ40 ሰው ያቀረበችው የድንች ሰላጣ በስናፍጭ ነው። ስሟ እዚህ አይጠራም። በዚያ ቀን የማኅበሩ ተረኛ እሷ ስለነበረች ተረኛዋ እየተባለች ትነሳለች።

ባንጃ ደጋ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ዝናብ አይጎድልም፤ የሚጎድለው የአፈሩ ጤና ነው። አፈሩ አሲዳማ እየሆነ በመሄዱ ባቄላና አተር እንደ ድሮው አይሰጡም። ብዙ ገበሬም ማሳውን ዲከረንስ ተክሎበት ከሰል ማክሰል ይዟል። ድንች ግን በዚህ አፈር ላይም ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ከተቆፈረ በኋላ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሁሉም በአንድ ሰሞን ገበያ ያወጣዋል፣ ነጋዴውም መኪናውን ዳር አቁሞ ዋጋውን ራሱ ይናገራል። ነጋዴው ንቆ የተወው ትንንሹ ድንች ለልጆች ቅቅል ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ ድንች ከማዕድ ይሰወራል። ለእንግዳ ድንች ማቅረብ ጎተራው ባዶ መሆኑን በአደባባይ እንደመናገር ይቆጠራል።

ይህ ሐፍረት የቆየ ነው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1858 ነው። ለብዙ ዓመታት ገበሬው ዞር ብሎ አላየውም። በሰፊው መተከል የጀመረው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ እህል ከጠፋ በኋላ ነው። በክፉ ቀን የተዋወቁትን ምግብ በደግ ቀን ለእንግዳ ማቅረብ የሚያሳፍረው ከዚያ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም።

ተረኛዋ የመድኃኔ ዓለም ማኅበርተኛ ናት። ጽዋው በየወሩ በ27 ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ለእሷ የደረሳት መጋቢት 27 ነበር። ዕለቱ ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ሰው ይበዛበታል። በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውልም ቅቤና ሥጋ አይነካበትም። ማኅበርተኛው 24 ነው፤ ካህናቱ፣ ጎረቤቱና ቤተ ዘመዱ ሲጨመሩ 40 ይሞላል።

በዚያ ዓመት ቤቱ ጎድሎበታል። ከማሳቸው ግማሹ ላይ ዲከረንስ ከተተከለ 2 ዓመት ሆኖታል፤ ለከሰል አልደረሰም፣ እህልም አይዘራበትም። ስንዴው ለማዳበሪያ ተሸጧል። ለእንጀራ የሚሆን ጤፍ አለ፤ ጠላውም ተጠንስሷል። የጠፋው ወጥ ነው። ለ40 ሰው የሚበቃ ምስርና የሽሮ እህል በጾም ወር ከገበያ መግዛት፣ ከነዘይቱ፣ ለዚያ ቤት ከባድ ነበር። አባወራው ከነጋዴ ተበድሮ ማለፍን አሰበ። ነጋዴው ደግሞ የሚያበድረው የጥቅምቱን ድንች ገና ሳይተከል በዛሬ ዋጋ ከገዛ ብቻ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ዓይነት ብድር የማያውቅ አባል ጥቂት ነው።

ቤቱ ውስጥ ድንች አልጠፋም። ከጓሮ ባለችው የዘር ማከማቻ መደርደሪያ ላይ 5 ኩንታል ዘር ተደርድሯል። ዝርያው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው «በለጠ» ነው። ከመሠረታዊ ማኅበሩ በዓይነት ተወስዶ በዓይነት የሚመለስ፣ በግንቦት የሚተከል ዘር ነው። አማቷ መደርደሪያውን አይተው፣

«ልጄ፣ ከዚህ ላይ 20 ኪሎ ብታነሺ ማን ይቆጥርብሻል?» አሏት።

እዚህ ላይ ስሌቱን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በመስመር መካከል 75፣ በእግር መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተትቶ ሲተከል አንድ ሄክታር 44 ሺህ ያህል፣ ሩብ ሄክታር ደግሞ 11 ሺህ ያህል እግር ድንች ይይዛል። የእንቁላል መጠን ያለው ዘር ከሆነ ለሩብ ሄክታር 5 ኩንታል ገደማ ይበቃል። ከዚህ ላይ 20 ኪሎ ሲነሳ 440 ያህል እግር ከማሳው ጎደለ ማለት ነው። አንዱ እግር ግማሽ ኪሎ ብቻ ቢሰጥ የጎደለው ምርት 220 ኪሎ ይሆናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የተበላው 20 ኪሎ በጥቅምት ከ2 ኩንታል በላይ ሆኖ ይታጣል፤ ለመሠረታዊ ማኅበሩ የሚመለሰው የዘር ዕዳ ግን በአንድ ኪሎም አይቀንስም።

ተረኛዋ ይህን በወረቀት አልሠራችውም። የማከማቻውን በር ሁለት ጊዜ ከፍታ ሁለት ጊዜ መልሳ መዝጋቷን ግን አትደብቅም።

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለች ገበያ ውስጥ ከአብሮ አደግ ጓደኛዋ ጋር ተገናኘች። ጓደኛዋ አሁን የምትኖረው በቲሊሊ በኩል ነው። በልጅነታቸው አብረው ከብት ጠብቀዋል። ጓደኛዋ ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር ወርዳ 3 ዓመት ምግብ ቤት ሠርታለች፤ ተመልሳ አግብታ ዛሬ ከባሏ ጋር በመስኖ ድንችና ሽንኩርት ታለማለች።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ጠቁሯል» አለቻት።

«ተራዬ ደርሶ ነው። ለ40 ሰው ወጥ ከየት አመጣለሁ?»

«ድንች የለሽም?»

«አለ፤ እሱ ግን ዘር ነው። ደግሞስ ድንች ለመድኃኔ ዓለም ይቀርባል እንዴ? ሰው ምን ይለኛል?»

«አይ እቴ! ባሕር ዳር ሰው ከፍሎ ነው የሚበላው።»

ስለ ሥነ ምግብ በቀበሌው ከተሰጡት ስልጠናዎች ሁሉ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የበለጠ ሠርታለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጓደኛዋ ለማሳየት በማግስቱ መጣች። ማከማቻውን ከፍታ ስታይ ግን እጇን ሰበሰበች። ድንቹ አረንጓዴ ሆኗል። አማቲቱ «ልጣጩን ወፈር አድርጎ መላጥ ነው» ቢሉም እሷ አልተቀበለችም። ባሕር ዳር በነበረችበት ምግብ ቤት አረንጓዴ ድንች የተገኘ እንደሆነ ይጣል ነበር፤ አንድ ቀን ሳይጣል ቀርቶ የሠራተኛው ሁሉ ሆድ ሲታመም አይታለች።

ልክ ነበረች። ድንች ብርሃን ሲያገኝ ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል። የሚጎዳው አረንጓዴው ቀለም አይደለም፤ አብሮት የሚበዛው ሶላኒን የተባለ መራራ መርዝ ነው። ሆድ ያማል፣ ያስመልሳል። መቀቀልም አያጠፋውም። ለዘር ሲሆን ግን ያው ብርሃን ተፈልጎ የሚገባ ነው። የተረኛዋ ማከማቻ ግድግዳው የቀርከሃ ርብራብ፣ ጣሪያው ሣር ሆኖ የተሠራው ፀሐይ በቀጥታ ሳትመታው ብርሃንና አየር በየጎኑ እንዲገባ ነው። በዚህ ዓይነት ቤት የቆየ ዘር ቡቃያው አጭርና ወፍራም ይሆናል፣ ሲተከልም አይሰበርም። በጨለማ የከረመ ዘር ነጭና ቀጭን ቡቃያ ያረዝማል፤ ገና ከጆንያ ሲወጣ ግማሹ ይረግፋል። የዘር ድንች ቤቱ ብርሃን፣ የምግብ ድንች ቤቱ ጨለማ ነው። ይህ ለብዙ አባላት አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም ዛሬም ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዳንዴም በአንድ መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ፤ እጅ ሲያጥር ደግሞ ዘሩ መጀመሪያ ይነሳል።

ስለዚህ ዘሩ ሳይነካ ቀረ። ጓደኛዋ ከመስኖ ማሳዋ ገና የተቆፈረ፣ ነጋዴ ያልፈለገውን ትንንሽ ድንች 15 ኪሎ፣ ከ2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ጋር በጋሪ ላከችላት። ስምምነታቸው በጥቅምት 15 ኪሎ በ15 ኪሎ ነው፤ ወለድ የለውም፣ ወረቀትም አልተጻፈበትም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ምግቡ ቀላል ነው ሲባል እሳት ላይ የሚወጣው ድንቹ ብቻ በመሆኑ ነው፤ ቁሌት የለውም፣ ሰዓት የሚጠብቅ ድስትም የለውም።

ስናፍጩ ከዋዜማው ይጀመራል። 2 የሻይ ብርጭቆ የተፈጨ ስናፍጭ በቀዝቃዛ ውሃ እንደ ቀጭን ሊጥ ይበጠበጣል። የፈላ ውሃ ካገኘው የማቃጠል ኃይሉ ይሞታል፤ ብዙ ሰው ስናፍጭ አልሆነልኝም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ከጨውና ከትንሽ ዘይት ጋር ይገባበታል፤ ተከድኖም ያድራል። ወዲያው የተበጠበጠ ስናፍጭ ምላስ ላይ ይመራል። ሲያድር ምሬቱ ይበርዳል።

ድንቹ ከነልጣጩ ይታጠባል፣ ከነልጣጩም ይቀቀላል። ተልጦ የተቀቀለ ድንች ውሃ ጠጥቶ ይላሽቃል፤ በመዳፍ ቢያዝ ይፈርሳል። ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ድንቹ ገብቶበት አብሮት ይሞቃል እንጂ በፈላ ውሃ ላይ አይጨመርም፤ ከተጨመረ ላዩ ሳይበስል አይቀርም፣ ልቡ ግን ጥሬ ይሆናል። ጨው እዚያው ውሃው ውስጥ ይገባል። ከሁሉ በላይ በአንድ ድስት የሚገባው ድንች መጠኑ ተመሳሳይ ይሁን። ተረኛዋ ይህን የተማረችው በኪሳራ ነው። የመጀመሪያውን ድስት ትልቁን ከትንሹ ቀላቅላ ጣደችው። ትልቁ እስኪበስል ትንሹ ተፈረካከሰ፤ ያንን ለብቻ አውጥታ በእርድና በቃሪያ አልጫ አደረገችው። ከዚያ ወዲያ በ3 ክምር ለይታ፣ ትልቁን አስቀድማ፣ ትንሹን አስከትላ ቀቀለች።

ድንቹ በስለት ጫፍ ሲወጋ ሳይታገል ከገባ በስሏል። ውሃው ይጠነፈፋል፤ እጅ ሲችለው ይላጣል፣ በአራት በአራትም ይቆረጣል። ሙቀቱ ሳይወጣ በደቃቁ የተከተፈው 2 ኪሎ ሽንኩርት፣ የ15 ሎሚ ጭማቂ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና አንድ ሊትር ያህል ዘይት ይገባበታል። ጓደኛዋ እዚህ ላይ ጥብቅ ነበረች። ድንች ትኩስ ሳለ የሰጡትን ይጠጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ሎሚውም ዘይቱም ላዩ ላይ ይቀርና ውስጡ አልጫ ይሆናል። ስናፍጩ በተቃራኒው ድንቹ ከበረደ በኋላ ይጨመራል፤ ሙቀት ያደክመዋልና። በመጨረሻ 20 ያህል ቃሪያ ፍሬው ወጥቶ፣ በቀጭኑ ተከትፎ ይነሰነስበታል። ሲማሰል በእንጨት ማንኪያ ከታች ወደ ላይ እየተገለበጠ ነው።

በከተማ ይህን ሰላጣ ማዮኔዝ እየጨመሩ ያቀርቡታል። እንቁላል ስላለበት ለጾም አይሆንም፤ በገጠር ቤት ሙቀት ላይ ቢቆይም ቶሎ ይበላሻል። ስናፍጩ ይሻላል፣ ዋጋውም ይቀላል።

አማቲቱ «ሰላጣ» ሲባል ሰምተው እስከ መጨረሻው ቅጠሉን ይጠብቁ ነበር። «ሰላጣ ትላላችሁ፤ ቅጠሉ የት አለ?» ብለው ድስቱን ከፍተው አዩት።

በዕለቱ ሰው ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ከ9 ሰዓት በኋላ ነበር። በሌላ ጊዜ ተረኛ የሆነች ሴት ቅዳሴ ሳታስቀድስ ምድጃ ሥር ትውላለች፤ 40 ሰው በአንድ ጊዜ ተርቦ ሲገባ ወጡ ትኩስ መሆን አለበትና። የድንቹ ሰላጣ ጠዋት አልቆ፣ ተከድኖ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጧል። ተረኛዋ ነጠላዋን አጣፍታ ከማኅበርተኛው ጋር አስቀድሳ፣ ከማኅበርተኛው ጋር ገባች። ከበዓሉ ሁሉ ለእሷ ትልቁ ነገር ይህ ነበር።

ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ማዕዱ ቀረበ፤ እንጀራ፣ ያ አልጫ፣ ተልባና በሰፊ ሳህን የድንቹ ሰላጣ። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከወደ በሩ አንዲት ሴት «ድንች!» ስትል ተሰማ፤ ተረኛዋም ጠላ የምትቀዳበትን ማንቆርቆሪያ ይዛ ባለችበት ቆመች። የማኅበሩ ሙሴ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጉርሻ አነሱ፤ ስናፍጩ አፍንጫቸውን ሰንጥቆ እንባቸው መጣ። ሲስሉ ሲስሉ ቆይተው ጠላ ተጎነጩና እጃቸውን ወደዚያው ሳህን መለሱ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከዚያ ወዲያ ሳህኑ ሁለት ጊዜ ተሞላ። ሁሉም ወደደው ማለት አይደለም፤ ሁለት አዛውንት እስከ መጨረሻው ሳይነኩት እንጀራቸውን በተልባ በልተው ተነሥተዋል። በሩ አጠገብ የነበረችው ሴት ግን ስትወጣ የስናፍጩን መጠን ሁለት ጊዜ ጠይቃለች።

ከነጋዴው ብድር አልተወሰደም። በግንቦት 5ቱም ኩንታል ዘር ከመደርደሪያው ወርዶ ተተከለ፤ ቡቃያው አውራ ጣት የማይሞላ፣ አረንጓዴና ድፍን ነበር።

ምግቡ በዚያው ቤት አልቀረም። በመሠረታዊ ማኅበሩ የሴቶች ቡድን አማካይነት ለጠቅላላ ጉባኤው ቀን 30 ኪሎ ድንች ከአባላት ተገዝቶ በዚሁ መልክ ተሠርቷል። ከዚያ በፊት በጉባኤው የሚቀርበው ከከተማ የተገዛ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ነበር። የድንች አምራቾች ማኅበር ስለ ድንች ገበያ መጥፋት የሚወያየው ብስኩት እየበላ ነበር ማለት ነው። ክቡራን የወረዳ ኃላፊዎችም ስብሰባ ሲጠሩ ይህን ቢያስቡበት በጀታቸው አይጎዳም። እርግጥ በጉባኤና በማኅበር ድግስ የሚበላ ድንች የጥቅምትን ገበያ አያነሳውም። 30 ኪሎ ከአንድ መኪና ጭነት ጋር አይወዳደርም። የተለወጠው ሌላ ነው፤ ነጋዴ የሚንቀው ትንሹ ድንች ለእንግዳ የሚቀመጥ ሆነ። ለእንግዳ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል።

የቦታው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳል። ባለፉት ዓመታት ለዘር ድንች ብዙ ብርሃን አስገቢ ማከማቻ ተሠርቷል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ለምግብ ድንች ግን አባላት ከቤታቸው ጥግ ሌላ ቦታ የላቸውም። ጨለማ፣ አየር የሚዘዋወርበት፣ ውሃ የማያስገባ ቤት ቢኖር የደጋው ቅዝቃዜ ድንቹን ለጥቂት ወራት ያቆየዋል፤ አባሉም በአንድ ሰሞን አውጥቶ እንዲሸጥ አይገደድም። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ከመሬት ከፍ ያለ የቀርከሃ ርብራብ ያለው ቤት በአካባቢው ዕቃ ይሠራል። ቀርከሃው በየጓሮው አለ። ቦርዱ በሚቀጥለው የሥራ ዘመን ዕቅዱ ላይ ቢያንስ ለአንድ መሠረታዊ ማኅበር አንድ ቤት ለሙከራ ቢያስገባ፣ ተረኛዋና የቡድኗ አባላት ጭቃውን በደቦ ለመምረግ ቃል ገብተዋል።

በጥቅምት ተረኛዋ ድንቿን ቆፈረች። መጀመሪያ የመሠረታዊ ማኅበሩን ዘር መለሰች። ቀጥላም 15 ኪሎውን በማኅበሩ ሚዛን አስመዝና፣ በጋሪ ጭና ራሷ ወደ ቲሊሊ ሄደች። ጓደኛዋ ጆንያውን ከፍታ አየችውና፣

«ይኼማ ትልልቁ ነው፤ እኔ የሰጠሁሽ ትንንሹን አልነበረም?» አለቻት።

«ትንንሹን አልሰጥሽም፤ በ27 ይፈለጋል» አለቻት።